የሁዳዴ ቅቤ

ሁዳዴ ሲገባ ሮብ ገበያ ላይ ቅቤን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ላም ግን ጾም አታውቅም። ትታለባለች፤ ወተቱ ይረጋል፤ እርጎው ይናጣል፤ ቅቤው ይወጣል። ባል ያላት ሴት ቅቤዋን ቅል ውስጥ ጠቅጥቃ ፋሲካን ትጠብቃለች። ባል የሌላት ጨው አልቆባት፣ ዘር አልቆባት፣ ያንኑ ቅቤ ተሸክማ ገበያ ትወጣና ነጋዴው በናቀው ዋጋ ጥላው ትመለሳለች። ለፋሲካ ያው ቅቤ ሲወደድ እሷ ቆማ ታያለች።

ማንጠግቦሽን ያንገበግባት የነበረው ይኼ ነው። ልጅ ሆና ደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ ባላባት ግቢ ጓዳ ነው ያደገችው። ቅቤ ማንጠር ያስተማረቻት የግቢው አሮጊት ወጥ ቤት ስትሆን፣ ያስተማረቻትም በኩርኩም ነው። ቅቤ ማንጠርማ የማታውቅ ሴት የለችም። ለሳምንት ወጥ የሚሆነውን ማንጠርና ከርሞ የሚቆየውን ማንጠር ግን ለየቅል ነው። ለጋው ቅቤ አሬራው ተጠርጎ እስኪወጣ፣ ውኃው እንደገባ ጠርቶ እስኪፈስ ድረስ ይታጠባል። እሳቱ ዝግ ያለ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጆሮ ያስፈልጋል። ውኃ ያለበት ቅቤ ድስቱ ውስጥ ይንጣጣል፤ ውኃው ሲያልቅ ዝም ይላል። ዝም ሳይል የወረደ ቅቤ ያን ቀን ደህና ይመስላል፤ ጋን ገብቶ ሲከርም ግን ይሻግታል።

ባሏ ማይጨው ዘምቶ ቀረ። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ሲገባ ባላባቱም ግቢውን ጥሎ ወጣ፣ ጓዳውም ባዶ ሆነ። ማንጠግቦሽ ሮብ ገበያ አጠገብ ወዳለው የአባቷ መንደር ተመለሰች። መንደሩ ውስጥ ባል የሌላት ሴት በዝታ ጠበቀቻት፤ ባሏ የሞተባት፣ ባሏ ጫካ የገባባት፣ ባሏ የፈታት። ጥቂቶቹ ከተማ ወርደው የጣሊያኖቹን ልብስ ማጠብ ጀምረዋል። ከወረዱት መካከል የተመለሰች ብዙ የለችም፤ የተመለሰችውም ሰላምታ አታገኝም።

ማንጠግቦሽ የቀሩትን ሰበሰበች። ከሁሉ ቀድማ የመጣችው አልጣሽ ናት፤ ከባሏ የተፋታች፣ አፏ የማይዘጋ። ስሜነሽ ተከተለች፤ ባሏን የጣሊያን ሶላቶ ደጃፉ ላይ ገድሎባት ሕፃናት ይዛ የቀረች፣ ዝምተኛ ሴት። ሌሎችም መጡ። ውሉ ቀላል ነው፤ እያንዳንዷ ማንጠግቦሽ እንዳስተማረቻት በገዛ ምድጃዋ ታነጥራለች፣ የነጠረው ማንጠግቦሽ ቤት አንድ ጋን ውስጥ ይገባል። አንድ ጋን ያስፈለገው በደምለው ምክንያት ነው። ደምለው የደጀን ቅቤ ነጋዴ ነው፤ ቅቤውን ከዚያ አባይን ተሻግሮ ይወስደዋል።

«ቅል ለቃቅሜ ያን በረሃ አልወርድም፤ ጋን ሙሉ ካላችሁ በቅሎ አመጣለሁ» ብሏቸዋል።

የመጀመሪያው ሁዳዴ ሰመረ። ጋኑ በወይራ ታጥኖ፣ ተሞልቶ፣ አፉ ተመርጎ ሄደ። ለፋሲካ ስሜነሽ ልጆቿን አለበሰች። አልጣሽ ዶሮ አርዳ ጎረቤት ጠራች።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ባል ይሻላል ጋን?» አለቻት በበዓሉ ማግስት።

«አንቺ ሁለቱንም ይዘሽ አይተሻል፤ አንቺው ንገሪኝ።»

«ጋን። ሰክሮ አይመጣም።»

ሴቶቹ ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። ማንጠግቦሽ ያን ሳቅ ስትሰማ፣ ከእንግዲህ ከዚህ መንደር ልብስ አጣቢ አይወጣም ብላ አሰበች።

በሁለተኛው ሁዳዴ ነገር ጠነከረ። ጮቄ ላይ አርበኛው በዝቷል፤ ጣሊያን ደግሞ በየመንገዱ ኬላ ተክሏል። ጫካ ገብታ እንጨት ስትለቅም የተገኘች ሴት ስንቅ አቀባይ ናት ተብላ ትያዛለች። መንደሩ ኩበትና የቦቆሎ አገዳ ማንደድ ጀመረ። ቅቤ ደግሞ እንጨት ይበላል፤ ለዝግ እሳት ረጅም ጊዜ የሚቆይ ፍም ያስፈልጋል። ደምለውም መንገዱ ሳይዘጋ አንዴ ብቻ እንደሚመጣ ላከባቸው፤ በደብረ ዘይት ማግስት ጎሕ ሲቀድ ይጭናል።

ደብረ ዘይት ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ማሰሮ ማሰሯቸውን ይዘው ማንጠግቦሽ ቤት ተሰበሰቡ። ማንጠግቦሽ እያንዳንዱን ትከፍታለች፣ ታሸታለች፣ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋ ታያለች፣ ወደ ጋኑ ትገለብጣለች። የስሜነሽን ስትከፍት እጇ ቆመ። የኮሰረቱ ሽታ አፍንጫ ይይዛል።

«ስሜነሽ፣ ኮሰረቱ አልበዛም?»

«መዓዛው ደስ እንዲል ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ሲወርድ ዝም ብሎ ነበር?»

«ብሎ ነበር።» ይህን ስትል የምታየው መሬት ነው።

በማሽተት የማይለይ ነገር ገጠማት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጠብ አድርጎ መቅመስ ነው፤ አሁን ግን ሁዳዴ ነው። በባላባቱ ግቢ እንዲህ ሲቸግር ጾም ያልጀመረ ሕፃን ያስቀምሱ ነበር። አልጣሽም ይህንኑ ሐሳብ አመጣች።

«የራሷ ልጅ አለች አይደል። እሷን አስቀምሻት።»

የስሜነሽ ትንሿ ልጅ ጣቷን ነክራ ላሰች። ከዚያ ማሰሮውን በሁለት እጇ ያዘችና «ጨምሩልኝ» አለች።

«ምስክርነቷን ሰጠች» አለች አልጣሽ። ሴቶቹ ሳቁ። ማንጠግቦሽ አልሳቀችም። የባላባት ልጅ ጠግቦ ያደረ ነው፤ ያልጣፈጠውን ይተፋል። ይቺ ልጅ ግን ከዘወረደ ወዲህ ከቆሎ በቀር የቀመሰችው የለም፤ ምን ቢሰጧት ትጨምራለች።

ማሰሮውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። የማትችለው ነገር ጋኑን በግምት መሙላት ነው። አንድ የሻገተ ማሰሮ ጋኑን በሙሉ ይዞት ይሄዳል፤ የሁሉም ሴት ፋሲካ ደግሞ እዚያ ጋን ውስጥ ነው። የጣቷን ጫፍ ነከረች፣ ምላሷ ላይ አደረገች፣ ወዲያው አመድ ላይ ተፋችው። አፏንም በውኃ ተጉመጠመጠች።

ወጥታ በችኮላ ተናገረች፤ ሥራ ሲይዛት ቃል አትመርጥም። «ይኼ ጋን አይገባም። ይኮመጥጣል። አሬራው አልወጣም፣ ውኃውም አላለቀም።»



«መኮምጠጡን» አለች አልጣሽ ቀስ ብላ፣ «በምን አወቅሽው?»

ማንጠግቦሽ መዋሸት ትችል ነበር። አሽትቼ ነው ብትላቸው ያምኗት ነበር። ነገር ግን ሽታው ምንም እንደማይናገር ያስተማረቻቸው ራሷ ናት።

«ቀመስኩት። ተፋሁትም።»

አጠገቧ የነበረችው ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ራቅ አለች። ስሜነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«ጾም የገደፈች ሴት ናት የእኔን ቅቤ የምትጥለው?»

«ስሜነሽ፣ እንጨት አንሶሽ ከሆነ…»

«እንጨት ነበረኝ።»

«ከኔ ድርሻ አካፍልሻለሁ። አሁን መልሰን እንዳናነጥረው የኔም ምድጃ አመድ ነው፤ ሰውየው ነገ ማለዳ ይመጣል።»

«ልመና አስተምሪኝ አላልኩም» አለች ስሜነሽ። «ቅቤ አስተማርሽኝ፤ ቅቤዬን አመጣሁ።»

አልጣሽ ተነሥታ ጋኑን ያዘች። «ጣሊያን ዓርብ ሥጋ ይበላል ብለሽ ከእነሱ ቤት ያስቀረሽን አንቺ ነሽ። በደብረ ዘይት ቅቤ ስትቀምሺ እዚያው ብንሄድ ምን ነበረበት?»

ጋኑን ተጋግዘው ወደ አልጣሽ ቤት ወሰዱት። ገና ያልተገለበጠውን የማንጠግቦሽን ማሰሮ ጋኑ ውስጥ አልጨመሩትም፤ ደጃፏ ላይ ትተውላት ሄዱ። የስሜነሽን ጨመሩት።

ማንጠግቦሽ ወደ ነፍስ አባቷ ወደ መምሬ ኃይለ ሚካኤል ሄደች። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ወሬው ቀድሟት ደርሷል።

«ተፍተሽዋል?»

«ተፍቻለሁ፣ አባቴ።»

«ምላስሽ ግን አጣጥሞታል።»

«ባያጣጥመውማ አላውቅም ነበር።»

መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስግደት አዘዙላት፤ እስከ ፋሲካም ከደጀ ሰላም ውጭ ቆማ እንድታስቀድስ ነገሯት። አልተቆጡም፤ ለሁሉም የሚሰጡት ቀኖና ነው።

«እቀበላለሁ» አለች። «አንድ ነገር ግን ይናገሩልኝ። ያን ማሰሮ ጋኑ ውስጥ ጨምረውታል። ሰውየው ሳይጭነው ያውጡት… አይ፣ ከተቀላቀለ አይወጣም። እንዳይሸጡት ይንገሩልኝ።»

«ልጄ፣ እኔ የቅቤ ዳኛ አይደለሁም። አንቺም በዚህ ጾም ዳኛ ልሁን አትበይ።»

ደምለው በማግስቱ ማልዶ መጣ፤ እሱም ጾመኛ ነውና ሳይቀምስ፣ በመዓዛው ተደስቶ ጭኖ ሄደ።

ማንጠግቦሽ ስግደቷን ሰገደች። ውጭ ቆማ አስቀደሰች። ከቤቷ እሳት የሚጭር ጎረቤት ጠፋ። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። ያስጨነቃት ግን ጋኑ ነው፤ አንዳንዴ ተሳስቼ ይሆን ትላለች፣ ተሳስታ እንድትገኝም ትመኝ ነበር።

በዳግማይ ትንሣኤ ደምለው ጋኑን በበቅሎ መልሶ አመጣው። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ዋርካው ሥር አውርዶ ክዳኑን ሲያነሣው ሽታው ሕፃናቱን እንኳ አስሮጠ። ኮሰረቱ ጠፍቶ የሻገተው ብቻ ቀርቷል።

«ደጀን ላይ ከጋኑ ገዝተው የፋሲካ ዶሮ ወጥ የሠሩበት ሴቶች ድስቱን እደጄ አምጥተው ደፉት» አለ። ድምፁን አላነሣም። «በባለቤቴ ፊት። ከዚህ መንደር ከእንግዲህ ቅቤ አልገዛም።»

«ጾም የገደፈ እጅ ነክቶት ነው» አለች ከሴቶቹ አንዷ። ማንጠግቦሽ ቤቷ ሄዳ ያቺን የተመለሰችላትን ማሰሮ አመጣች። ጾሙ አልቋል። ከፊታቸው አስቀምጣ ክዳኑን አነሣች። «ቅመሱ» አለቻቸው። «ያው አጥቤ፣ ያው አዳምጬ ያነጠርኩት ነው። ጋኑን ያበላሸው የኔ እጅ ቢሆን ይኼም በተበላሸ ነበር።»

የቀመሰው ደምለው ብቻ ነው። ጣቱን ላሰና «ይኼ ደህና ቅቤ ነው» አለ፤ ቀጥሎ የበቅሎውን ጭነት ማሰሪያ መጠቅለል ጀመረ።

«የራሷንማ ምን ያበላሸዋል» አለች አልጣሽ። «ጦሱን እኛ ጋን ላይ አራግፋው።»

«እውነት ነው» አሉ ሴቶቹ። ማንጠግቦሽ ወደ ስሜነሽ ዞረች። ስሜነሽ ትንሿን ልጅ አዝላ ከሁሉም ኋላ ቆማለች።

«ስሜነሽ፣ በመድኃኔ ዓለም፤ ድስቱ ዝም ሳይል አላወረድሽውም?»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። የሁሉም ድካም እዚያ ጋን ውስጥ ሻግቶ ተቀምጧል፤ «አዎ» ብትል መንደሩ ውስጥ ማደሪያ የላትም። ማንጠግቦሽም ይህን እያየች ነው የጠየቀቻት።

«ዝም ብሎ ነው ያወረድኩት» አለች ስሜነሽ።

ያን ክረምት ከሴቶቹ ሁለቱ ከተማ ወረዱ። አንዷ አልጣሽ ናት። ማንጠግቦሽ ቅቤዋን ለብቻዋ ገበያ እያወጣች ሞከረች፤ ሰው ያያታል፣ ያልፋታል። ኋላ ገብስ እያበጠረች በቀን ሥራ ማደር ያዘች።

በተከታዩ ሁዳዴ አንድ ቀን ጭራሮ ተሸክማ በስሜነሽ ቤት ጓሮ በኩል ስታልፍ የድስት መንጣጣት ሰማች። ሳታስበው ቆመች። እሳቱ ዝግ ያለ ነው፤ የወይራ እንጨት ጭስ በክዳኑ ሣር መካከል ይወጣል፤ ከየት እንዳገኘችው እንጃ። ድስቱ ለረጅም ጊዜ ተንጣጣ። ቀስ እያለ ሳሳ። ከዚያ ዝም አለ።

ማንም አላወረደውም። ከውስጥ የማታውቃት ልጅ እግር ሴት «ላውርደው?» አለች።

«ቆይ» አለች ስሜነሽ። «ጆሮሽን አስጠጊ። ዝም ካለ በኋላ ጥቂት ይቆያል። ውኃ ተደብቆ ይቀራል።»

ቃሉ ማንጠግቦሽ ራሷ ያስተማረቻት ነው፤ አንድም ሳይጎድል። ሸክሟን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና የቤቱ ውሻ ሳይጮኽባት ቁልቁል ወረደች።