የጌታው ስም ያልገባበት የዘር ቆጠራ

ዛሬ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ ውስጥ በሰው ሁሉ ፊት ተነስቼ «እኔስ መቼ ላስት ኔም አለኝ?» አልኩ።

የሥራ ባልደረባዬን ዴኒስን አጅቤ ነው የሄድኩት። ቅድመ አያቶቿ ጥጥ እርሻ ላይ በባርነት የኖሩ ናቸው። የዘር ፍለጋ የሚያስተምረው ሰውዬ «ቅድመ አያቶችሽ ከገዛቸው ጌታ ስም በቀር የራሳቸው ላስት ኔም፣ የቤተሰብ መጠሪያ፣ ስላልነበራቸው ቤተሰቡን መከተል አይቻልም» ሲላት አንገቷን ደፋች።

ያኔ ነው የተነሳሁት። እኛ ያለ ላስት ኔም እስከ ሰባት ቤት እንቆጥር የለም እንዴ?

(እዚህ አገር «ሚስ ተሰማ» ይሉኛል። ተሰማ እኮ አባቴ ነው፣ ያውም ባለ ሪዝ!)

«እንደኛ ቁጠሪ» አልኳት። አያቷ የነገሯትን ይዛ ተነሳች፦ «ዴኒስ የኬለብ ልጅ፣ ኬለብ የሩት ልጅ፣ ሩት የአይዛክ ልጅ።»

የጌታው ስም የትም አልገባም።

እናንተስ እስከ ስንት ትቆጥራላችሁ? እስኪ አያት ቅድመ አያቶቻችሁን ኮሜንት ላይ በስማቸው ጥሯቸው፤ ይሰሙናል።