ለአንድ ልጅ ያልተከፈተ ብልቃጥ

ከታቢዋን ነርስ ሠፈሩ «ቆጥቋጣዋ» ይላታል። የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ አንዴ ከተከፈተ ለአሥር ልጅ ይበቃል፤ ስድስት ሰዓት ካለፈው ግን ይደፋል። እሷ ደግሞ መድፋት ሞቷ ነው። ስድስት ሰባት ልጅ ካልተሰበሰበ ቢለምኗት ቢቆጧት አትከፍትም። በሃያ ዓመት ሥራዋ ጠብታ አላባከነችም ተብላ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቷታል፤ ክፍሏ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች።

ምራቷ ግን ክትባት ሲባል ገና ስሙ ያንዘፈዝፋት ነበር። ጎረቤቷ «ልጅ ያመክናል» እያለች ጆሮዋን ሞልታዋለች። ነርሷ መጀመሪያ ጮኸችባት፤ ጩኸቱ ይብሱን አራቃት። ኋላ ልብ ገዛችና ቁጭ ብላ አስረዳቻት።

«ያመክናል የሚሉት ውሸት ነው፣ ልጄ። ሊያተኩሰው፣ ትንሽ ሽፍታም ሊወጣበት ይችላል፤ በሁለት ሦስት ቀን ይለቀዋል። ከባድ ነገር ጭራሽ አይመጣም ብዬ አልምልልሽም፤ ግን እጅግ ብርቅ ነው። ለዚህም ነው ከወጋን በኋላ ትንሽ አቆይተን የምናየው። ኩፍኙ ግን ዓይን ያጠፋል፣ ጆሮ ይደፍናል፣ ይገድላልም።»

ይህን ማሳመን ሦስት ወር ፈጀባት።

አንድ ማክሰኞ ምራቷ የዘጠኝ ወር ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያው ከች አለች።

«መጣሁ፣ እማማ። ሐሳቤን ሳልቀይር ቶሎ ይውጉልኝ።»

ነርሷ አግዳሚ ወንበሩን አየች። ከልጅ ልጇ በቀር አንድም ሕፃን የለም። «ለራሷ ሰው ሲሆን ከፈተች» መባሉ ታያት። ወይ ኩራት!

«ሐሙስ ነይ፣ ልጄ። ሐሙስ ብዙ ልጅ ይመጣል።»

ምራቷ እሺ ብላ ሄደች። ሐሙስ ግን አልመጣችም። ረቡዕ ዕለት ጎረቤቷ «እሰይ! አምላክ ነው የመለሰሽ» ብላት ነበር። ነርሷ ቤታቸው ድረስ ተመላለሰች፤ ልጇን ለመነችው። እሱም «ሚስቴን አላስጨንቅም» አላት።

በሁለተኛው ወር ኩፍኝ ሠፈሩን አዳረሰው። ልጁ ተረፈ፤ ጆሮው ግን አልተረፈም።

ዛሬ ነርሷ ለአንድ ልጅም ትከፍታለች፤ የተረፈውን ትደፋለች። አለቃዋ «ምን ነካሽ?» ይላታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። የምስጋናውን ወረቀትም አውርዳዋለች።

ምራቷ አንድም ቀን ክፉ ተናግራት አታውቅም፤ ምነው በሰደበቻት! ባለፈው እሑድ ነርሷ ልጁን ከኋላው በስሙ ጠራችው፤ ደግማ ጠራችው። ዞር አላለም። ምራቷ ልብስ ማጠፏን ሳታቋርጥ፣ ቀስ ብላ፣

«እኔ እኮ መጥቼ ነበር፣ እማማ» አለቻት።