እናቱ ያቋረጡት ግጥም

ሱሉልታ ውስጥ አማርኛ ካስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ ዝምተኛው፣ ትምህርቱን እንደጨረሰ ዘመተ። መርዶው የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አባቱ ቤቴ ድረስ መጥተው በለቅሶው ላይ ግጥም እንዳነብ ለመኑኝ። እኔም የጦር ግጥም እንደሚጻፈው አድርጌ ጻፍኩ። አንበሳ አልኩት፣ ሞትን የናቀ አልኩት፣ ደሙን ከባንዲራው ቀይ ጋር አዋሃድኩት።

ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ ሳነብ ወንዶቹ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። እናቱ ግን ከሴቶቹ መካከል ብድግ አሉ።

«ይቅር መምህር» አሉኝ። «ልጄ አንበሳ አልነበረም። መብረቅ ሲጮህ ጎኔ ሥር የሚሸጎጥ ልጅ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውልልኝ ‹እማዬ፣ ፈርቻለሁ› አለኝ። እኔ ደግሞ ‹ወንድ ልጅ አይፈራም› ብዬ ዘጋሁበት። እሱን ይጻፉ።» ከዚያ «ኢልመ ኮ! ልጄ!» እያሉ መሬት ላይ ወደቁ።

ወረቀቱን አጥፌ ተቀመጥኩ።

እስከ አርባው ድረስ ስጽፍና ስሰርዝ ከረምኩ። ለጦር ሜዳ የለመድናቸው ቃላት ሁሉ ለጀግና የተሠሩ ናቸው፤ የፈራ ልጅ አይገባባቸውም። በመጨረሻ መብረቁንም፣ ስልኩንም፣ የእናትየውንም መልስ እንደነገሩኝ አስቀመጥኩት። ብቻቸውን ሲሆኑ ቤታቸው ሄጄ አነበብኩላቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አደመጡኝ።

«ይድገሙልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው።

ስወጣ በር ላይ ክንዴን ያዙኝ። «ለአባቱ ግን እንዳያነቡለት። እሱ በአንበሳው ነው የሚጽናናው።»