ጠመኔው የታጠበበት ጠዋት

በሆስፒታሉ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ዘበኛውም ሐኪሙም «ደወሉ» ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት በሥራው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምድር ቤት ካለው መጋዘን የኦክስጅን ሲሊንደር እየገፋ ወደየክፍሉ ሲያደርስ፣ ከመግፋቱ በፊት እያንዳንዱን በመፍቻ መታ ያደርገው ነበር። ሙሉው ድፍን ያለ አጭር ድምፅ ይሰጣል። ባዶው ይጮኻል፤ ጩኸቱም ቶሎ አይበርድም።

እትዬ፣ እናታቸው ከሞተች ወዲህ አዝላ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ፣ «የሰው ወንድም ተምሮ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የኔው ጉድ ብረት ሲያንኳኳ ይውላል። እስኪ የሚከፍትልህ ካለ አያለሁ» እያለች ትስቅበት ነበር።

ያ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ወረርሽኝ ከገባ በኋላ ግን በዚህ ሥራ የሚቀልድ ጠፋ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ሱቁ በገመድ ታጠረ፤ ዳቦ የሚገዛው ሰው እንኳ እርስ በርሱ እየተፈራራ ተራርቆ መሰለፍ ጀመረ። በቀን አሥር ሲሊንደር ይበቃው የነበረው ሆስፒታል ስልሳም አልበቃው አለ። ከማምረቻው የሚያመጣው መኪና አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይቀራል። እትዬም ከተኛች አምስተኛ ቀኗ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ። ጠያቂ አይገባም። እሱ ብቻ ሲሊንደር ባደረሰ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ ያያታል።

ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር ነበረው። ጆሮው ከድቶታል። ቀኙ ከነአካቴው፤ ግራው ደግሞ የቅርብ ንግግር ይሰማል እንጂ የብረት ድምፅ አይለይም። ጡረታ ለመውጣት ትንሽ ስለቀረው አፉን ዘግቶ ዘዴ ፈጠረ፤ ባዶ ሆኖ የወረደውን ሁሉ አንገቱ ሥር በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል። ምልክት ካለው ባዶ፣ ከሌለው ሙሉ። መፍቻው ለወጉ ያህል ቀረ።

ያን ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የክፍሉ ነርስ በስልክ ጠራችው። «ጋሼ፣ የእህትህ ሲሊንደር ግማሽ ሰዓት አይቆይም። ሙሉ አምጣልኝ። ባዶ ይዘህ ብትመጣ መመለሻ ጊዜ የለንም።» ሊፍቱ ከተበላሸ ሳምንት ሆኖታል፤ ያን የሚያህል ብረት በተዳፋቱ መንገድ ገፍቶ ማውጣት ብቻውን አሥር ደቂቃ ይፈጃል።

መጋዘኑን ሲከፍት ሃያ ሁለቱም ሲሊንደሮች እንደ አዲስ ያብረቀርቃሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ መጥረጊያ ጨርቋን እየጨመቀች ቆማለች።

«ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግሁ? ከክፍል የወረደ ዕቃ ሁሉ በመድኃኒት ይታጠብ ተባለ፤ አጠብኩ። ያንን ሕፃን የጫረው የመሰለውንም ፈትጌ አስለቀቅኩልህ። ወለሉን ልወልውል ብዬ ደግሞ ቦታቸውን አቀያየርኩ።» ፊቱን አየችና ድምጿ ወረደ። «ጥፋት ነው እንዴ?»

አንዱን ሲሊንደር ከፈት አድርጎ መዳፉን ደገነበት፤ አየር ወጣ። ከሌላውም ወጣ። ባዶ የሚባለውም ትራፊ አያጣም፤ የግፊት መለኪያዎቹ ደግሞ ሁሉም ፎቅ ላይ፣ በሽተኞቹ ዘንድ ናቸው። መፍቻውን አነሳና መታ። ንዝረቱ እጁ ላይ ተሰማው፤ ጆሮው ግን ምንም።

«ምን አለ?» አላት።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ደወሉ አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ብረቱን አልሰማም» አላት። «ሁለት ዓመት አለፈኝ። ላይ ሙሉ የምትጠብቀው እትዬ ናት።»

ሴትዮዋ ጨርቁን ጣለች። አልወቀሰችውም፣ ራሷንም አልረገመችም። ሄዳ አጠገቡ ጎንበስ አለች።

«ምታ እስኪ… ይጮኻል። አሁንም አላቆመም።»

«ባዶ ነው። ቀጥሎ።»

አምስተኛው ባዶ። ስምንተኛው ባዶ። ላቡ ጭምብሉን አርሶት ፊቱ ላይ ተለጠፈ። አሥራ አንደኛው ላይ እጇን አነሳች።

«ድገመው» አለች። ደገመው። «ይኼ ሌላ ነው። በር እንደ ማንኳኳት። ማንም የማይከፍትበት ቤት።»

የእትዬ ቀልድ ትዝ ብሎት መፍቻውን ኪሱ ከተተ። «እሱ ነው» አለ። «ያዢልኝ።»

ለሁለት ገፉት። ነርሷ መለኪያውን ስታስርበት መርፌው ወደ ላይ ወጣ። «ጢም ያለ ነው፣ ጋሼ።» እትዬ ዓይኗን ገልጣ በሩ ላይ አየችው፤ ጣቷንም አንስታ የአልጋውን ብረት አንዴ መታ አደረገችው። ድምፁን አልሰማም፤ ግን ምን እንዳለችው ገብቶታል።

ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን ኖረች። ቀብሯ ላይ የተፈቀደው ለጥቂት ሰው ብቻ ነበርና ለቅሶውን የደረሱት ብዙዎቹ በስልክ ነው። ለሁሉም አንድ ነገር ብቻ ነገራቸው፤ «ሳንባዋ ደከመ እንጂ ሲሊንደሯ ሙሉ ነበር።»

ከቀብሩ ማግስት የጆሮውን ነገር ለኃላፊው ሄዶ ተናገረ። ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ እንዳቀረቀረ፣ «አሁን ሰው ከየት አመጣለሁ? ብቻህን ግን አትሠራም» አለው።

አሁን ሴትዮዋ ከአሮጌ አንሶላ የቀደደችውን ቁራጭ በየባዶው አንገት ላይ ታስራለች፤ ውሃ አያጠፋውም። እሱ ግን ቁራጭ የሌለውንም ሳይመታ አይገፋም። መፍቻውን ያሳርፍና ዓይኗን ያያል። ራሷን ስትነቀንቅለት፣ ይገፋል።