ያልማልሁት መሐላ

አክስቴ ውዴ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ በእንጅባራ የአራተኛ ክፍል መምህር ነበርሁ። ይህን የማስቀድመው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ከሁለታችን አዋቂው ማን እንደ ነበር አንባቢ ራሱ እንዲፈርድ ነው።

ውዴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ከግምጃ ቤት ተድራ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ወዳለው መንደራችን መጣች፤ ባሏ በወጣትነቱ ሞተባትና ያለ ልጅ ቀረች። በቀርቀሃ የታጠረ ግቢ፣ አንዲት ላም፣ አንድ በሬና ባሏ የተወላት ሁለት ማሳ ነበራት። በሬዋን የሚያቀናጅላት ጎረቤት አይጠፋም፤ እሷም በፋንታው ለደቦው ጠላ ትጠምቃለች። እንዲህ ተደጋግፋ ነው የኖረችው። ቁጡ ናት፤ ተቆጥታ ስትጨርስ ግን ምሳ በልተህ እንደሆነ ትጠይቅሃለች።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ አንድ ጀርመናዊ ተማሪ ከአውቶቡስ ወረደ። የመጀመሪያውን ዲግሪ ጨርሶ ለዶክትሬት የሚማር ነው፤ የሚያጠናው ደግሞ አገውኛችንን ነበር። ሰው ባሕር ተሻግሮ እኛ ከብት የምንነዳበትን ቋንቋ ሊማር መምጣቱ ለመንደሩ ተረት መሰለው። የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር እንግሊዝኛውንም አገውኛውንም ስለምችል እኔ እንድቀበለው አዘዙኝ። ማደሪያ ከአክስቴ ቤት በቀር አላገኘሁለትም። የራሱ ስም ለማንም አፍ አልመች ቢል አክስቴ በሦስተኛው ቀን አስማረ ብላ ስም አወጣችለት።

አስማረ ኑሯችንን እስኪለምድ ፍዳውን አየ። ቁንጫው ወገቡን በላው፤ ብርዱ አላስተኛው አለ። ድንቹን በአዋዜ ሲበላ እንባው ይወርድና አክስቴ የሞተበት ሰው ያለ መስሏት ነፍስ ይማር ትለዋለች። እኛ አገር ሰው ገበያም ለቅሶም የሚሄደው በፈረስ ስለሆነ እሱም ፈረስ ተከራየ፤ በአዘና መንገድ ላይ ገበያተኛው ሁሉ እያየው ሦስት ጊዜ ወደቀ። ከአገሩ ደብዳቤ ሲዘገይበት ከደጅ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። አንድ ቀን የልቡን ነገረኝ። አስተማሪው የሰጡት ጊዜ እስከ ክረምት ብቻ ነው፤ ደብተሮቹን ሳይሞላ ከተመለሰ ትምህርቱ እዚያው ላይ ያበቃል። ስለዚህ ከጧት እስከ ማታ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ "ይህስ ምን ይባላል?" ሞፈሩን፣ ሣሩን፣ የፈረሱን እርካብ እያሳየ ይጠይቃል። ሰውም ደስ እያለው ይመልስለታል።

ጥፋቱ የኔ ነው። ኅዳር ላይ ያለ ወሩ ዝናብ ጥሎ ከአክስቴ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ አስማረ የቦታ ስም አገውኛ ጥንት እንዴት ይነገር እንደ ነበር እንደሚያሳይ አጫወተኝ። እኔም ማን ከኔ ወዲያ ብዬ፣ አባቴ በሕይወት ሳለ በፈረስ አፈናጥጦ እያዞረ የነገረኝን ማሳ ሁሉ ዘረገፍሁለት። ስሙን፣ ባለቤቱን፣ ስሙ የወጣበትን ምክንያት፣ የሠላሳ ስምንት ማሳ ታሪክ በሦስት ቅጠል ላይ ጻፈ። አክስቴ ድንች እየላጠች ትሰማ ነበር።

"አበረ፣ የሰው መሬት በየሰው ቤት አይጠራም። ተው" አለችኝ።

ይህ ሳይንስ ነው፣ አንቺ አይገባሽም አልኋት። እሺ የኔ ሊቅ ብላ ወደ ድንቿ ተመለሰች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ መምህሩ ይህን የማውቀው ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ብቻ ነበር።

ወሩ ሳያልቅ የአዲሱ የእርሻ ግብር ወሬ ደረሰ። መሬት ሊለካ ነው፣ የመለኪያው ገመድ፣ ቀላድ፣ ሊጣል ነው ተባለ። ጎጃም ውስጥ ርስቱን ማስለካት ርስቱን እንደ ማስነጠቅ ነው፤ የአያቶቻችን ፍራቻ በደማችን አለ። በየወረዳው ሰው እየተሰበሰበ ለካዩን አላስገባም ይል ጀመር። ያኔ የአስማረ ጥያቄ መልኩ ተለወጠ። ትናንት ያሳቃቸው "ይህስ ምን ይባላል?" ዛሬ ቀላድ ጣይ አሰኘው። የኮርቻው መወጠሪያ በቢላዋ ተቆርጦ ተገኘ። በአክስቴ ጣራ ላይ በጠራራ ፀሐይ ድንጋይ ወረደ። እንጅባራ ላይ ሱቅ ያለው ዑስማን ጋዝ ልገዛ ስገባ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ያንን ደብተር ከነባለቤቱ ማቃጠል ነው የሚሉ ሰዎች እዚሁ ሱቁ ፊት ሲማከሩ እንደ ሰማ ነገረኝ።

አስማረን ሂድ አልሁት። ደብተሩ ሳይሞላ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀኝ። ሦስቱን ቅጠል ይቅደዳቸው ለማለት አፌ ደርሶ ተመለሰ፤ ከነሱ በላይ የሚወደው ነገር አልነበረውም። ደግሞም፣ ልንገራችሁ፣ ማንም አያነበውም ብዬ ነበር።

የካቲት ላይ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ትልቅ የኮሶ ዛፍ ሥር ሸንጎ ተቀመጠ። የሸንጎው ዳኛ አቶ ቢሻው ነበሩ፤ ድምፃቸውን የማያነሡ፣ ስለዚህም ይበልጥ የሚፈሩ የአገር ሽማግሌ። ወንዱ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሟል። ሴቶቹ ከአጥሩ ጥግ ቆመዋል። አስማረ ጥቁር ሽፋን ያለውን ደብተር በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ ከጎኔ ቆመ።

አቶ ቢሻው ነገሩን በአጭሩ አስቀመጡት። መሬታችን በዚያ ደብተር ውስጥ ካለ ደብተሩ ይቃጠላል፣ ፈረንጁም ዛሬውኑ አገር ይለቃል፤ የነገረው ሰው ካለም እሱ ለብቻው ይታያል። መሬታችን ከሌለበት ግን ሰውየው እንግዳችን ነው፣ ማንም አይነካውም። ደብተሩ በፈረንጅ ፊደል ስለተጻፈ ከመንደሩ ሰው ከኔ በቀር የሚያነበው የለም። ፈረንጁን አናስምለውም አሉ፤ መሐላው በየትኛው አገር እንደሚይዘው አናውቅም።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ ነው። አበረ፣ አንተ የኛ ነህ። በመስቀሉ ፊት ማልና ንገረን፤ መሬታችን አለበት ወይስ የለበትም?"

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቀረቡ። አለበት ብል የሰውየው የወራት ልፋት በእሳት ይበላል፤ ቀጥሎም ማን ነገረው ይባላል፤ ያ ሁሉ ጠመንጃ ወደኔ ይዞራል። የለበትም ብል በሐሰት ማልሁ፤ እኛ ዘንድ በሐሰት የማለ ሰው የዘራው አይበቅልለትም፣ የወለደው አያድግለትም። አስማረ ዐይን ዐይኔን ያየኛል። የተባለውን ሁሉ ሰምቷል፤ አገውኛውን ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

እጄን ዘረጋሁ። አፌን ከፈትሁ።

"አታስምሉት" የሚል ድምፅ ከሴቶቹ በኩል መጣ። አክስቴ ውዴ ነጠላዋን አደግድጋ በወንዶቹ መካከል አልፋ መጣችና አቶ ቢሻው ፊት ቆመች። "አለበት። የነገርሁት እኔ ነኝ።"

ሸንጎው ጉምጉም አለ። አቶ ቢሻው እሷን ሳይሆን እኔን ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ስለምን እንደ ነገረችው ጠየቋት። እንግዳዬ ነው፣ ጠየቀኝ፣ ነገርሁት አለች፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እነዚህ ልጆች ምን አደረጉ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። የጫማዬ ማሰሪያ ተፈትቶ እንደ ነበር እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

አቶ ቢሻው አስማረን አንብብ አሉት። በአገውኛ አነበበ። የመጀመሪያው ማሳ ስሙ በአማርኛ ቢመለስ "ዘለው የወደቁበት" ማለት ነው፤ ባለቤቱ እንየው፤ ምክንያቱም የእንየው አያት ከነፈረሳቸው ገደል ስለ ገቡበት።

እንየው ጠመንጃውን እንደ ያዘ ብድግ አለ። ፈረስ አይደለም፣ በቅሎ ናት አለ፤ አያቴን ፈረስ ጥሏቸው አያውቅም። ሰው ሳቀ። ሁለተኛው ማሳ ሲነበብ ሌላው ተነሥቶ ድንበሩ እስከ ወንዙ ነው እንጂ እስከ ጥዱ አይደለም አለ። በሦስተኛው ሦስት ሰው አንድ ላይ ተናገረ። ጠመንጃው ተረስቶ ሁሉም እያንዳንዱን ማሳ ያርም ጀመር። ይባስ ብሎ አስማረ፣ ልማድ ሆኖበት፣ እርሳሱን ከኪሱ አውጥቶ የሚሉትን መጻፍ ጀመረ።

"ዝም በሉ" አሉ አቶ ቢሻው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። "ቀላድ ጣዩ ራሱ ቢመጣ ከዚህ የበለጠ ምን ልትነግሩት ነው?"

የተነሣው ሁሉ ተቀመጠ። አስማረ እርሳሱን ወደ ኪሱ መለሰ።

ፍርዱ ተሰጠ። የመሬቱን ስም የያዙት ሦስት ቅጠሎች ብቻ ይቃጠሉ፤ የቀረው የሣርና የሞፈር ስም ነውና ለባለቤቱ ይመለስ። አስማረ በገዛ እጁ ቀደዳቸው፤ ሰዎቹም ክብሪት ጫሩባቸው። አላለቀሰም፤ ከንፈሩን ግን እስኪደማ ነከሰው። ውዴ ደግሞ የአገር ምሥጢር አውጥታለችና፣ ሽማግሌ በቃ እስኪል ድረስ እሳት የሚጭርላት፣ በሬ የሚያቀናጅላት፣ ማኅበር የሚያስገባት አይኑር ተባለ። ሸንጎው አሜን አለ። እኔም አሜን አልሁ።

ቤት ስንደርስ አክስቴ ድንች ቀቅላ አቀረበችልን።

ሚያዝያ ገባ። የጎረቤት ማሳ ሁሉ ሲገለበጥ የሷ ሁለቱ አረም አበቀሉ። በሬዋ ብቻውን ቆሞ ያመሰኳል። ድሮ ለእሳት ፍም ጎራ የሚሉ ሴቶች ደጇን ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔና አስማረ ቀረብ ያለውን ማሳ በዶማ ቆፍረን ድንች ተከልንበት፤ መዳፉ ውኃ ቋጥሮ ፈነዳ። ሌላው ማሳ ግን ለዶማ የሚሆን አልነበረም። ሰውነቷ ሲመነምን አየሁ። አፈርሁ። አንድ ቀን፣ እንደ ወንድ፣ ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ አልኋት።

"ሂድ" አለችኝ።

ነገ እሄዳለሁ አልሁ። ነጋ፤ እኔም አልሄድሁም።

ሐምሌ ላይ የአስማረ ጊዜ አለቀ። ሌሎቹ ደብተሮች ሞልተውለት ነበር፤ ይበቃኛል አለ፣ በቅቶት እንደሆነ እንጃ። አክስቴ በቆሎ ቆልታ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችው፤ አቅፎ ሳማትና አለቀሰ። እኔ እንጅባራ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘሁት። ዝናቡ እያካፋ ነው። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ አስማረ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ በጠራ አገውኛ ጠየቀኝ።

"ያን ቀን እሷ ባትነሣ ኖሮ ምን ልትል ነበር?"

"አላውቅም" አልሁት።

እጁ እንደ ልማዱ ወደ እርሳሱ ሄደ፤ ግን አላወጣውም። አውቶቡሱ ወደ ቡሬ ተነሣ። እኔ ጭቃው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። አምስት ወር ሙሉ የሸሸሁት ጥያቄ አንድ ጊዜ ከተጠየቀ በኋላ የማመልጥበት አልነበረኝም። ወደ ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ወደ አቶ ቢሻው ቤት ሄድሁ።

ከደጃቸው ተቀምጠው ቀርቀሃ ይሰነጥቁ ነበር። ባርኔጣዬን አውልቄ ከዝናቡ ሳልጠለል፣ የመሬቱን ስም ለፈረንጁ የነገርሁት እኔ ነኝ፣ አክስቴ ምንም አልነገረችውም አልኋቸው። ሽመላቸውን ያነሣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ቀርቀሃውን ስንጠቃ ቀጠሉ።

"ይህንማ ያን ዕለት አወቅን" አሉ። "የእንየውን አያት ፈረስ ጣላቸው የሚል በዚህ መንደር አባትህ ብቻ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ሁላችን በቅሎ እንላለን። ውዴ የግምጃ ቤት ልጅ ናት፤ ያንን ማሳ በእግሯ ረግጣውም አታውቅ።"

"ታዲያ ካወቁ ስለምን ፈረዱባት?"

ያኔ ቀና ብለው አዩኝ። "ሽማግሌ በቃ እስኪል ነው ያልነው። አንተ እስክትመጣ ማለት ነበር። ሁለት ሳምንት ይበቃሃል ብዬ ነበር፣ አንተ አምስት ወር ፈጀህ።"

ተነሥተው በረት ገቡና የራሳቸውን ቀይ በሬ በገመድ ስበው አመጡልኝ። ጤፍ ገና ይደርስበታል፣ ሂድ፣ አቀናጅላት አሉኝ።

በዝናቡ ውስጥ በሬውን እየጎተትሁ መንደሩን አቋርጬ ሄድሁ። ሴቶች ከየበራቸው አዩኝ፤ አንዷም ፊቷን አላዞረችም። አክስቴ ከአጥሯ ሥር ቆማ ነበር። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ በሬውን አየች።

"ነገ ደረሰ?" አለችና መዝጊያውን ከፈተችልን።