ሸሪኬ ስለ ዛንዚባር የነገረኝ

ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ካትሌሆንግ ውስጥ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ስንከፍት፣ ለብረቱ በር ሁለት ጓጉንቸር ይግባ ያልኩት እኔ ነኝ። አንዱን እኔ እከፍታለሁ፣ አንዱን ሸሪኬ። አንዳችን ከጎደልን በሩ አይከፈትም። ከውስጥ ቆልፈን በፍርግርጉ መስኮት እንሸጣለን። መክፈቻውን እንዳይጠፋ በቀኝ እጃችን አንጓ ላይ በገመድ አስረነዋል። «ጋሼ፣ አንድ ይበቃናል፤ አንተማመንም እንዴ?» ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም። እኔ አንዴ ካልኩ አልኩ ነው።

ሸሪኬ ወደዚህ ሲመጣ መንገድ ላይ ዛንዚባር ስምንት ወር ተቀምጧል፣ ዓሣ እየተሸከመ። ተመልሶ እዚያ ሊኖር ያስብ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስኳር በላስቲክ እየቋጠረ ስለ ደሴቷ ያወራል። ባሕሩ እስከ ሩቅ ይሸሻል ይላል፤ ሴቶቹ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው የባሕር ሣር በገመድ ይተክላሉ። ቅርንፉድ መንገድ ዳር ሰሌን ላይ ይሰጣል፣ ሽታው ከመኪና ያስወርዳል። ፈረንጆቹ አሸዋው ላይ ተጋድመው ይጠበሳሉ፣ ውኃ ሥር ገብተው በመነጽር ዓሣ ያያሉ። አገሬው ደግሞ ማንጎ ሥር ገበጣ ይጫወታል። ከሁሉ የሚወደው ግን የእዚያን ሱቅ ነው። ፍርግርግ የለውም፤ ደንበኛ ገብቶ ጆንያው ላይ ይቀመጣል። አንዴ የከተማው በሮች የነሐስ እሾህ አላቸው ሲለኝ፣ ታዲያ የኛ ብረት ምን አደረገህ ብዬ ሳቅሁበት። እሱ ዝሆን በሩን እንዳይገፋ ነው አለኝ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ከላይ በኩል የብዙ ሰው ዘፈን ሰማን። የውጭ ሰው ይውጣልን የሚሉት ናቸው። ሸሪኬ መስኮቱን እንዝጋ አለኝ። ፈሩ ይሉናል ብዬ ከለከልኩ። አንድ ወጣት መጥቶ «ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦ» አለ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራን። ሸሪኬ ዳቦ ይዞ እጁን በፍርግርጉ አወጣ። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የቆመ ሌላ ሰው ቆንጨራውን አወረደበት።

ሥጋ ቤት የሚሰማው ድምፅ ነው የተሰማው። ወደ ውስጥ ስስበው አንጓው ተከፍቶ አጥንቱ ይታያል፤ ገመዱ ተቆርጦ መክፈቻው ውጭ ወድቋል። ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ዘነበ። በሩን በሰንሰለት አስረው በመኪና ጎተቱ፤ ጓጉንቸሮቹ አልተበገሩም። አንዱ እጁን በመስኮቱ አስገባ፣ ጣቶቹን በመዶሻ ቀጠቀጥኳቸው። ዛሬም ቢሆን እደግመዋለሁ።

ሲደክማቸው ወደሚቀጥለው ሱቅ ሄዱ፤ እኛ ተቆልፎብን ቀረን። የኔን ጓጉንቸር ከፈትኩ። የእሱን መክፈቻ ይዘውት ሄደዋል። ጎረቤታችን ጎጎ፣ አሮጊቷን እንደዚያ ነው የምንላት፣ በመስኮቱ አየችንና ብረት መቁረጫ ያለውን አማቿን ልትጠራ ሮጠች።

ክንዱን በቀበቶዬ ጠፍሬ አሰርኩት። ደሙ ግን ቀጠለ፣ ዓይኑ ይገለባበጥ ጀመር። ከተኛ አይነቃም። ጸሎት ጀምሬ ነበር፣ ጸሎቱ የሚያስተኛው መሰለኝና ተውኩት። በጥፊ መታሁት።

«ስለዚያች ደሴት ያወራኸው ሁሉ ውሸት ነው» አልኩት።

«አይደለም፣ ጋሼ።»

«ባሕር እንዴት ይሸሻል? ማን አባሮት?»

«በቀን ሁለቴ ይሸሻል። ጀልባው አሸዋ ላይ ይቀመጣል።»

«ያኔ አንተ ምን ትሠራለህ?»

«ተኝቼ አየዋለሁ።»

«አትተኛም» ብዬ ደግሜ መታሁት።

አማቿ መጥቶ ብረቱን መቁረጥ ሲጀምር የእሳት ፍንጣሪው ፊታችን ላይ ይረጫል። እኔ እመታለሁ፣ እጠይቃለሁ፤ እሱ ይመልሳል። ስምንት እግር ያለው የባሕር አውሬ አለ፣ እንዲለሰልስ ድንጋይ ላይ ይደበድቡታል አለኝ። «ልክ እንደ አንተ» አለ።

ከኋላ ክፍት በሆነች መኪና ጭነን ሆስፒታል አደረስነው። ነርሷ ያበጠ ጉንጩን አይታ ማን መታው አለች። እኔ ነኝ አልኳት።

ነፍሱ ተረፈች። እጁን ከአንጓው በላይ ቆረጡት። ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ኖሮ እናተርፈው ነበር አለ ሐኪሙ፣ ሸሪኬ እየሰማ። የበሩን ነገር አንድም ቀን አላነሳብኝም። ቢያነሳው ተጣልተን ይወጣልኝ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ወደ ደሴቷ ሲሄድ፣ አብረን እንሂድ ጋሼ አለኝ። እምቢ አልኩ። ሻንጣውን በግራ እጁ ይዞ ሲወጣ ልያዝልህ አልኩት። አልሰጠኝም።