የገደኛዋ ልጅ እጆች

ሰሚራ ታቦር ሰፈር ሱቅ ከከፈተች ጀምሮ በማለዳ ገበያተኛዋ ቀልድ አታውቅም። የጠዋቱ የመጀመሪያ ገዢ ገደ ቢስ ከሆነ ቀኑን ሙሉ እጅ አጣጥፎ መዋል ነው ባይ ናት። ስለዚህ የጎረቤቷ የሙሉዓለም ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ሃሴት፣ ወደ ትምህርት ቤት ስታልፍ ጠርታ ከረሜላ ታስገዛታለች።

“ነይ የኔ ገደኛ! እጅሽ እርጥብ ነው፣ ክፈቺልኝ!”

ይህችን ቃል አባትየው ሰማ። ሙሉዓለም ባለ ባጃጅ ነበር፤ ባጃጁን የኳስ ውርርድ በላው። ቁማርተኛ ደግሞ ለመጫወት ምክንያት አያጣም። ስልኩን ለልጁ ዘርግቶ፣ “ገደኛዬ፣ የሚያሸንፈውን ቡድን ንኪልኝ” ይላት ጀመር።

ሰሚራ ይህን ያወቀችው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የሃሴት እናት ፋብሪካ ፈረቃ ገብታለች። ልጅቷ እየሮጠች መጥታ ከስኳሩ ጆንያ ኋላ ተወሸቀች። እጆቿን በሻርፕ ጠቅልላለች። ሰሚራ ብትፈታው መዳፎቿ ቀልተው ተልጠዋል።

“ምን ነካሽ?”

“በበረኪና አጠብኳቸው፣ እትዬ ሰሚራ። ገዱ ጠፍቷል። ትናንት የነካሁት ቡድን ተሸነፈ። እማዬ ያለቀሰችው በኔ ነው።”

ሰሚራ ክው አለች። ውሃ በጆግ እያፈሰሰች የልጅቷን መዳፎች አጠበች።

“ስሚኝ። ገደኛ ያልኩሽ የነጋዴ ወሬ ነው። ባለፈው በጉንፋን የተኛሽ ጊዜ ሱቄ በገዢ ሲታመስ አልዋለም? እጅሽ ላይ ገድም መዓትም የለም። አባትሽ ቁማር ይዞታል። አንቺ አላመጣሽበትም፣ አንቺም አታስጥዪውም።”

“ይወደኛል ግን?”

“ይወድሻል። እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።”

በዚህ መሃል ሙሉዓለም በሩ ላይ ድቅን አለ፤ ስልኩን እንደያዘ። “ሃሴትዬ፣ ቶሎ ነይ! ጨዋታው ሊጀመር ነው።”

ሰሚራ በሩን በሰውነቷ ዘግታ ቆመች። “አትሄድም።”

“በኔና በልጄ መሃል ምን አገባሽ? ገደኛ ያልሻት ራስሽ አይደለሽ!”

እውነቱን ነው። ሰውየው ገፍቷት ሊገባ ሲል ሰሚራ ክንዱን ያዘችው።

“አዎ፣ እኔ ነኝ። አፌን በቆረጠው! አሁን ግን ና፣ እጇን እይ።”

አየ። ሃሴት ቀስ ብላ፣ “በበረኪና አጠብኩት አባዬ፣ እንዲቀናህ ብዬ” አለችው። ሙሉዓለም የዘረጋውን ስልክ ወደ ኪሱ መለሰ። ወጥቶም ሄደ።

ቁማሩን ተወው ብል እዋሻለሁ። እሁድ ቤቲንግ ቤት በር ላይ ታይቷል። ለብቻው ግን ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሃሴት እጆቿን በሹራቧ እጅጌ ደብቃ እንደ ልማዷ ሱቁ ደጅ ቆመች። ሰሚራ አልጠራቻትም። ሰፈሩ ሁሉ ገደ ቢስ የሚላቸው፣ እሷም በጠዋት ሲመጡ መጋረጃ የምትጥልባቸው አዛውንት፣ ጋሽ ኩማ፣ ክብሪት ፈልገው ከወዲያ ማዶ ሲያመነቱ አየቻቸው።

“ይምጡ እንጂ ጋሽ ኩማ! ዛሬ እርስዎ ይክፈቱልኝ!” ብላ ጮኸች፣ ልጅቷ እንድትሰማ።

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው ገዙ። ሃሴት ሳንቲሙ መሳቢያ ውስጥ ሲገባ ዓይኗን ሳትነቅል አየች። ከዚያ እጆቿን ከእጅጌዋ አውጥታ ወደ ትምህርት ቤቷ ሮጠች።